ባለ ስድስት ጎማው ገንዳ

ዓርብ፣ ነሐሴ 7 ቀን 2002 ዓ.ም.

ዛሬም "ገንዳው" አሉት። የጀመረው ደምሴ ነው። ከአጥሬ ወዲያ ብየዳ ቤት ያለው ጎረቤቴ ነው። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ በጎቹ መቼ ነው ውሃ የሚጠጡበት ብሎ ጠየቀኝ። ሠራተኞቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ብቀየም ደስ ይለው ነበር።

ገንዳ መምሰሉን አልክድም። ገላው ከወፍራም አረንጓዴ ፕላስቲክ የተሠራ ነው፤ በግራ ሦስት በቀኝ ሦስት ድንቡሽቡሽ ያሉ ጎማዎች አሉት። በየብስም በውሃም ይሄዳል። ውሃ ሲገባ ይንሳፈፋል፣ ጎማዎቹ እየቀዘፉ ይወስዱታል። ለውሃ ጥናት የመጡ ሰዎች ትተውት የሄዱ ነው። ውሃ ቢሮው ግቢ ዛፍ ሥር ተጥሎ ስንት ዓመት ዶሮ ሲፈለፈልበት ኖሮ፣ ባለፈው ኅዳር ግቢው ሲጸዳ ከቁርጥራጭ ብረት ጋር አብሮ ለጨረታ ወጣ። ሌላው ሰው ብረቱን ሲያይ እኔ ወለሉን አየሁና ገዛሁት። ፔዳል የለውም። ፍሪሲዮን የለ፣ የእግር ፍሬን የለ፣ መሪ እንኳ የለ። ሁለት ዘንግ ብቻ። ቀኙን ስትስበው ወደ ቀኝ፣ ግራውን ስትስበው ወደ ግራ ይዞራል፤ ሁለቱን ስትስብ ይቆማል። ነዳጁም በእጅ ነው የሚሰጠው።

ሃያ ስድስት ዓመት የጭነት መኪና ነድቻለሁ። የዛሬ ሁለት ዓመት ጎማ ስቀይር ክሪኩ ተንሸራተተና ቀኝ እግሬን ከጉልበት በላይ አጣሁት። ከዚያ ወዲህ ዘመድ ወዳጁ የሚያውቀው አንድ ቃል ነው፤ ተቀመጥ። ፀሐይ ላይ ተቀመጥ። ጥላ ውስጥ ተቀመጥ። አረፍ በል።

እናቴ ነሐሴ 16 ቆብ ልትጭን ነው። ልትመነኩስ ማለት ነው። ከዚያ በፊት ልጆቿን ሁሉ ፊት ለፊት አይታ "ፍቱኝ" ልትል ትፈልጋለች። ቤቷ ከሮብ ገበያ ወዲያ፣ የመኪናው መንገድ ካለቀበት ባሻገር ነው። መሀል ላይ ጨፌ አለ። በበጋ ረግረግ ነው፤ በክረምት ሐይቅ ይሆናል። እግሬ ከተቆረጠ አይቻት አላውቅም። በበቅሎ ሞክሬ ጭቃ ውስጥ ወድቄ ተመለስሁ። የቀረው መንገድ ቃሬዛ ነው ይሉኛል፤ አራት ሰው ተሸክሞኝ።

አልፈልግም። በገንዳዬ እሄዳለሁ። ዘጠኝ ቀን አለኝ።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 8

የቀረኝ ሥራ፦
የገላው ስንጥቅ፣ አራት ቦታ።
ሞተር። (የራሱ ሞተር ነክሶ ቀርቷል፤ ውስጡ አይጥ ወልዳበታለች።)
ሁለት ኩሽኔታ።
የኋላው ግራ ጎማ፣ ካላማዳሪ ይፈልጋል።
መቀመጫ።
የሺን ማሳመን።

የመጨረሻው ከሁሉም ይከብዳል። የሺ ሚስቴ ናት።

ስንጥቁን ዛሬ ጨረስሁ። ከገላው ጠርዝ ላይ አንድ ቁራጭ ቆርጬ ውሃ ላይ ጣልሁት፤ ተንሳፈፈ። ከጀሪካን የቆረጥሁትም ተንሳፈፈ። በእሳትም ሁለቱ አንድ ዓይነት ይቀልጣሉ። ስለዚህ ቢጫ የዘይት ጀሪካን በቀጭን በቀጭኑ ተልትዬ፣ አሮጌ ካቻቢቴ ከሰል ላይ እያጋልሁ ስንጥቁ ውስጥ አቀለጥሁት። መልኩ አያምርም፤ አረንጓዴ ላይ ቢጫ ጠባሳ ነው። እኔም ጠባሳ አለኝ።

ከኋላ፣ ከታች፣ ውስጥ የገባ ውሃ የሚወጣበት ቀዳዳ አለው። ቡሹ የት እንደጠፋ እንጃ። አዲስ ቀረጽሁለት። ከምን ቢሉ ከቀኝ እግሬ በረባሶ ሶል። ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራ ፈትቶ አልጋ ሥር ተቀምጦ ነበር፤ ከእንግዲህ ይሥራ። ልክክ ብሎ ገባ።

ደምሴ በአጥር ብቅ ብሎ "ቀስ በቀስ እንቁላልም በእግሩ ይሄዳል" አለኝ። በስንት እግሩ ብዬ ጠየቅሁት። ፊቱ ቀላ፤ ከዚያ ሳይጠየቅ የሞርሳውን ቁልፍ አቀበለኝ።

እሑድ፣ ነሐሴ 9

ሰንበት ነው፣ ብረት አልነካሁም። ከቅዳሴ ስንመለስ ታናሽ ወንድሜ በላይ በር ላይ ቆሞ ጠበቀን። ከእናታችን ጋር የሚኖረው፣ መሬቱን የሚያርሰው እሱ ነው። እግሩ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነበር። ሌሊት ተነስቶ ነው የመጣው።

ነገሬን ሳልጨርስ እህል አልቀምስም ብሎ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ዋለ። ከዚያ ነገሩን አወጣው። አራት ጎረምሶች አናግሯል፣ ቃሬዛው ተሠርቷል፣ ጨፌውን በዳገቱ በኩል ዞረው ግማሽ ቀን ይሸከሙኛል። ገንዳውን ዞሮ ዞሮ አየው። በእንጨት ቆርቆር አደረገው።  ይኸ ምርመራው ከደምሴ ሳቅ ይልቅ አናደደኝ።

"ሬሳ ነኝ እንዴ? በቃሬዛ እናቴ ደጅ አልገባም" አልሁት።

"ጋሼ፣ እማም እኮ..." ብሎ ጀመረና ዋጠው። ምን ብለው፣ ትጠብቅሃለች ለማለት ነው አለ። ይኸ ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ውሸት ሲናገር ጆሮውን ይነካል። ጆሮውን ነካ። ምን እንደደበቀኝ ግን አላወቅሁም፤ ለሱ ጆሮ ደግሞ ዛሬ ጊዜ የለኝም።

የሺ እሱን ሸኝታ ስትመለስ፣ ሰው ቢሸከምህ ምን ነውር አለው፣ ሰው ለሰው መድኃኒቱ አይደለም ወይ አለችኝ። ልክ ናት። ልክ በመሆኗ ተናደድሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ የተሸከመችኝ እሷ ናት፣ ከአልጋ ወደ በር፣ ከበር ወደ አልጋ። አንድ ጊዜ ልሂድበት።

ሰኞ፣ ነሐሴ 10

ተነሳ! ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ።

ከመስኖ ፓምፕ የፈታሁትን ሞተር ነው የገጠምሁለት። በገመድ ተጎትቶ የሚነሳ ነው። ቺንጋውን ሦስት ጊዜ አስገብቼ ሦስት ጊዜ ሸሸ፤ በአራተኛው ያዘ። ካንዴላውን በየሺ የጥፍር ሞረድ አጸዳሁ (አልነገርኋትም)። ገመዱን ስስብ እንደ ሽማግሌ ሳለ፣ ሁለተኛ ሳለ፣ በሦስተኛው ጭሱን ለቀቀ።

ወጥቼ ተቀመጥሁ። ክራንቹን ከጎኔ አስተኛሁት። ዘንጎቹን ያዝሁ። ነዳጅ ሰጠሁ። ሄደ። እኔ ነዳሁት። ግቢውን አንድ ዙር ዞርሁ፣ የየሺን የጎመን መደብ አንድ ጥግ ደመሰስሁ፣ ደግሜ ዞርሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ሲነዳኝ ነበር። አለቀስሁ፤ ማስታወሻ ላይ መዋሸት ምን ይጠቅማል።

የሺ በሩ ላይ ቆማ ነበር። የደመሰስሁትን ጎመን ለቃቅማ ለእራት ቀቀለችው።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 11

መቀመጫ። ከአሮጌ መኪና ወንበር ቆርጬ፣ በቀኝ በኩል ከፍ አድርጌ ሠራሁት፤ የሚደግፍ ጭን ስለሌለኝ ሲዞር እወድቃለሁ። የጭነት ማሰሪያ ጠፍር ለወገቤ ቀበቶ ሆነ። ለክራንቹ ማስቀመጫ ቱቦ ደምሴ በየደልኝ። ከጎኔም ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ አለ፤ የሺ ትራስ ሰፋችለት። እኔ አልሄድበትም፣ ለዕቃህ ነው አለች።

ወለሉ ላይ ጣውላ ደረብሁ፣ እግሬ ሰንሰለቱን እንዳይነካ። አንድ እግር ያለው ሰው እግሩን በደንብ ይጠብቃል።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 12

የሺ አሸነፈችኝ። ሳይባረክ ውሃ አይገባም አለች። የነፍስ አባታችን ቄስ ሞላ ጠዋት መጡ። መጀመሪያ እንደ ሌላው ሰው ይስቃሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። መስቀላቸውን ይዘው ዞሩት፤ ጎንበስ ብለው ጎማውን በጣታቸው ጫን ጫን አደረጉት።

"ኖኅም ሲሠራ ስቀውበታል" አሉ። "ጥሩ አድርገህ ደፍነኸዋል?"

"በጀሪካን ነው የደፈንሁት፣ አባ።"

"ኖኅ በቅጥራን ነው። ያገኘኸውን ነው።"

ጸሎት አደረጉ፣ ጠበሉን ከውጭ ረጩት፣ የቀረውን በሙሉ ከማሰሮው ገንዳው ውስጥ ገለበጡት። እኔን ፊቴን ረጩኝና ሄዱ። ቀዝቃዛ ነበር። ከዚያ ለካላማዳሪ ወደ ገበያ ወጣሁ፤ ስመለስ የሺ ወለሉን አድርቃ ጣውላውን መልሳ ጠበቀችኝ። እንዲህ ስታግዘኝ የመጀመሪያዋ ነው። ደስ አለኝ።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 13፣ ቡሄ

መጻፍ አልፈልግም። ግን ልጻፍ።

በዓል ስለሆነ አትሥራ አለችኝ የሺ። መሞከር ሥራ አይደለም ብዬ ራሴን አታለልሁ። ለመንገድ አፈር የወሰዱበት ጉድጓድ ከከተማው ወጣ ብሎ አለ፤ ክረምቱ ሞልቶታል። ቡሄ ነውና አገሩ ሁሉ ሥራ ፈት ነበር። ጅራፍ የሚያጮኹት ጅራፋቸውን አንጠልጥለው፣ ሴቶቹ ሙልሙላቸውን ይዘው፣ ደምሴም ሠራተኞቹን አስከትሎ መጡ።

ገባሁ። ተንሳፈፈ! ሁለት ዙር ዞርሁ። ሰው እልል አለ። እጄን አንስቼ ሰላም አልሁ፤ ይኸ እጅ ማንሳት ነው የበላኝ። በሦስተኛው ዙር ከበደኝ፣ ጎማዎቹ ሰነፉ። ጣውላው ቀና ብሎ ውሃ ብቅ አለ። ቺንጋው ረጥቦ ሸሸ፣ ሞተሩ ጠፋ፣ ገንዳው እንደደከመው በሬ ጉድጓዱ መሀል ተቀመጠ። ውሃው ከወገብ አይበልጥም፤ ውርደቱ ግን ከራስ በላይ ነበር። ደምሴና ሰዎቹ በገመድ ጎተቱኝ። አልሳቀም። ባይስቅ ይሻል ነበር ወይ ቢስቅ፣ አላውቅም።

በወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል። አንዷ በበዓል ቀን ስለነዳ ነው አለች። ሌላው ጀሪካን ድሮስ ምን ይይዛል አለ። አንድ ሽማግሌ ደግሞ፣ ተቀመጥ ሲባል አይቀመጥም አሉ።

በላይ ከሮብ ገበያ ደወለ። ወሬው ቀድሞኝ ደርሶ ነበር። "ቃሬዛው ተዘጋጅቷል፣ ለነገሩ እሱ..." ሲል ስልኩን ዘጋሁበት።

ዓርብ፣ ነሐሴ 14

ጠዋት የደፈንሁትን ሁሉ ልፈታ ተነሳሁ። አደፋፈኔን አላመንሁም። በፊት ግን አንድ ነገር አሰብሁ፤ ውሃ ከውጭ ከገባ ከውስጥም ይወጣል። ከደምሴ ሠራተኞች ጋር ገንዳውን በአራት ድንጋይ ላይ አንስተን ውስጡን በባልዲ ሞላነው። ክራንቼን ጥዬ በደረቴ ተኝቼ ከሥር አየሁ። ከአራቱ ቢጫ ጠባሳ አንድ ጠብታ አልወጣም። አንድም! ውሃው የሚወርደው ከኋላ፣ ከቡሹ ቀዳዳ ነበር። ቡሹ የለም።

የሺን ጠራሁ። መልሷን ሳልሰማ ከፊቷ አወቅሁ።

ረቡዕ ዕለት ቄስ ሞላ ከሄዱ በኋላ ጠበሉ ወለሉ ላይ ቀርቶ ነበር። ጠበል በእግር አይረገጥ፣ በጨርቅ ታብሶ አይጣል። ጎንበስ ብላ ስታይ ቀዳዳ አገኘች። ቡሹን ነቀለች፣ ከሥሩ ሳህን አስቀመጠች፣ አጠራቅማ ጠጣችው፤ የተረፈውን ለጎረቤት ታማሚ ሰጠች። ቡሹንስ?

"ጠበል የነካውን የት ልጣለው? በዚያ ላይ የእግርህ ጫማ መሆኑን አውቄዋለሁ" አለች። በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ከእመቤታችን ሥዕል ሥር አስቀምጣዋለች። ሁለት ቀን ሙሉ ጠዋት ማታ ስትጸልይበት ነበር።

መጮህ ፈለግሁ። እውነቱን ልጻፍና ጮኼአለሁም፤ አንድ ጊዜ። ከዚያ አሰብሁት። ሃያ ስድስት ዓመት ዘይት ሳላይ፣ ጎማ ሳልመታ መኪና አስነስቼ አላውቅም። ትናንት ግን ሰው ሊያየኝ ስለመጣ ዘልዬ ወጣሁበት። ቡሹን ያወጣችው የሺ ናት፣ ያላየሁት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የሹፌሩ ነው።

ይቅርታ አልኋት። ቡሹን ከሥዕሉ ሥር አምጥታ ራሷ ገጠመችው፤ በመዶሻ ሦስት ጊዜ መታችው። ወደ ጉድጓዱ ተመለስን። ሰው አልነበረም፣ ደምሴ ብቻ። አሥር ዙር ዞርሁ። ጣውላውን አንስቼ አየሁ፤ ደረቅ። ደምሴ ዳር ላይ ቁጢጥ ብሎ ቆጠረ።

"ገንዳው ይዋኛል" አለ በመጨረሻ። ከሱ አፍ ይኸ ምርቃት ነው።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 15

ጭነት መኪና ላይ ወጣ፣ በሰንሰለት ታሰረ። ሮብ ገበያ ድረስ ዝናብ ነበር። የሺ አብራኝ አለች፤ አልሄድበትም ነበር ያለችው። ትራሷን ይዛ መጣች።

መንገዱ ያለቀበት ዘመድ ቤት አረፍን። ጨፌውን አየሁት። ወዲያኛው ዳር አይታይም፣ ጭጋግ ነው። ፈርቻለሁ።

ቡሹ አለ።

እሑድ፣ ነሐሴ 16፣ የእመቤታችን ፍልሰታ

ጭጋጉ ገለጥ ሲል ገባሁ። የሺ ሰው ይዛ በዳገቱ በኩል በእግሯ ትዙር ብዬ ላክኋት፤ ከሰጠምሁ ለብቻዬ ልስጠም። መጀመሪያ ጥሩ ሄደ። መሀል ላይ ቄጠማው ጎማዎቹ ላይ ተጠመጠመና አቆመኝ። ሞተሩ ይጮሃል፣ እኔ አልነቃነቅም። ሁለት ዓመት የጠላሁትን ክራንች ከቱቦው መዝዤ እንደ ቀዛፊ መሬቱን ገፋሁበት። ገፋሁ፣ ገፋሁ። ቄጠማው ተበጥሶ ለቀቀኝ። ከዛሬ ወዲህ ክራንቹን አልሰድበውም።

ዳር ላይ በላይና አራት ጎረምሶች ቆመው ነበር። መሀላቸው ቃሬዛ። ደሜ ፈላ። ውሃው ላይ እንዳለሁ፣ ያ ለእኔ ከሆነ ከዚሁ እመለሳለሁ ብዬ ጮህሁ።

"ለአንተ አይደለም ጋሼ" አለ በላይ። "ለእማ ነው።"

ከሰኔ ጀምሮ መቆም አትችልም። እንዳይነግረኝ አስምላዋለች፤ ያን እግር የሌለው ልጄን በጭቃ አታንከራትቱብኝ ብላ። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዳገቱን በቃሬዛ ሊያወጧት ከንጋት ጀምሮ ሲለምኗት ነበር። እምቢ አለች። "ሬሳ ነኝ እንዴ? ቆቤን ልጭን ነው እንጂ ልቀበር ነው?" አለቻቸው፤ ቃሬዛውን እንደያዙ እኔን ሊጠብቁ ወረዱ። በላይ ይኸን ሲነግረኝ በእኔ ሳቀ። ጆሮውን አልነካም።

እስከ ደጃፏ ነዳሁት። ቁርበት ላይ በሩ ሥር ተቀምጣለች። አንሳለች። እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ገንዳውን አየች፣ ጎማዎቹን አየች፣ እኔን አየች።

"መጣህ?"

"መጣሁ፣ እማ።"

"በምን?"

"በእጄ።"

 ከዚያ እግሬን፣ ያለውንና የሌለውን፣ ትክ ብላ አየች። "አንዱ አለልህ። የእኔ ሁለቱም አሉ፤ አንዳቸውም አይታዘዙኝ" አለች። ሳቀች። የእሷ ሳቅ ነው ያስለቀሰኝ።

በላይ አቅፎ ከጎኔ አስቀመጣት፣ የሺ የሰፋችው ትራስ ላይ። ቀበቶውን አሰርሁላት። ዳገቱን ቀስ ብዬ ወጣሁ። ሕዝቡ ግራና ቀኝ ተከፈለ። አንዲት ሴት ሳቀችና እናቴ ዘወር ብላ አየቻት፤ ሳቁ እዚያው ቀረ።

በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ደጃፍ እኔንና በላይን "ፍቱኝ ልጆቼ" አለችን። እግዚአብሔር ይፍታሽ አልን። ሁለት ዓመት በኩራቴ ያስጠበቅኋት እኔ፣ ፍታኝ የምትለኝ እሷ። እጇን ይዤ እኔን ፍቺኝ አልኋት። "የልጅነትህ ነገር ነው፣ ድሮም አንተ ስትወድቅ የሚያነሳህን ሰው ትመታ ነበር" አለችና ግንባሬን ሳመችኝ። የሺ ጭቃዋን ይዛ የደረሰችው ያኔ ነው። የደብሩ መነኩሴ ጸሎታቸውን አድርሰው ቆቡን ጫኑላት።

ሰኞ፣ ነሐሴ 17

ከዛሬ ጀምሮ እማሆይ ነች። ጠዋት ሁለት ጊዜ "እማ" ብዬ ሁለት ጊዜ ታረምሁ።

ዝናቡ አላቆመም። ገንዳው ደጃፉ ላይ ቆሟል፤ ዶሮዎቹ ከአሁኑ አውቀውታል፣ አንዷ መቀመጫዬ ላይ ተኝታለች። ቄጠማውን ከጎማዎቹ ውስጥ በቢላ ቆርጬ አወጣሁ። የቀኙ መሀል ኩሽኔታ ይንጫጫል። እስከ ወዲያኛው ዳር ያደርሰኝ ይሆን? አላውቅም።

ልሰናበታት ገባሁ። ዓይኗን ጨፍና ነበርና የተኛች መስሎኝ ልወጣ ስል ጠራችኝ። መስከረም ላይ ውሃው ሲጎድል፣ ጨፌው ረግረግ ብቻ ሲሆን፣ ላለመምጣት ምን ሰበብ ልታመጣ ነው አለችኝ።

 እመጣለሁ አልኋት።

ዝናቡ አባራ መሰለኝ። የሺ አሁን ግን በእግሬ አልዞርም፣ ከአንተ ጋር ነው የምሄደው ብላ ትራሱ ላይ ወጥታ ተቀምጣለች። ቡሹን ጎንበስ ብዬ በእጄ ነካሁት። እሷም ነካችው።